ሞተው የተወለዱት ጥጃዎች አባት፦ የቤል ጉዳይ

ጥጃዎቹ ከተለያዩ የዴንማርክ በረቶች ነው የመጡት። ሁሉም ኮፐንሃገን ወደሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1999 እና 2000 አካባቢ ነው። ባለቤቶቻቸው አይተዋወቁም። ጥጃዎቹ ግን ይመሳሰላሉ። አንገታቸው አጭር ነው። ደረታቸውም ተሰብስቧል። ጀርባቸው ጠመም ብሏል። የፊት እግሮቻቸው ታጥፈው ደርቀዋል፣ የኋላዎቹም ተጣመዋል፣ ያውም ግራና ቀኙ እኩል። ክብደታቸው ከጤነኛ ጥጃ ያንሳል።

ዮርገን አገርሆልም የተባለው የእንስሳት በሽታ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 18ቱን ከፍተው መረመሩ። አንደኛው ጥጃ በእርግዝናው 159ኛ ቀን የተጨነገፈ ነው። የቀሩት የወጡት ከ250ኛው እስከ 285ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ላም የምትወልደው በ280 ቀን አካባቢ ስለሆነ አንዳንዶቹ ቀናቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። ውስጣቸው ሲታይ የአንገትና የጀርባ አጥንቶቻቸው ግማሽ ብቻ የተሠሩ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ቅርጻቸውን ያጡ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ልባቸውም በትክክል አልተሠራም።

እንዲህ ያለ ጥጃ ሲወለድ ማንም የከብት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። እውነትም እርጉዝ ላምን ይዘው የጽንሱን እግር የሚያጣምሙ ቫይረሶች አሉ። አንድ ጥጃ ብቻ ያየ ሐኪም እዚያ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም። ዴንማርኮቹን የረዳቸው ጥጃዎቹ በአንድ ቦታ መሰብሰባቸው ነው። አገሪቱ ውስጥ አካሉ የተዛባ ጥጃ ሲወለድ ለምርመራ የሚላክበት ሥርዓት ነበረ። ከጥጃው ጋር የእናቱና የአባቱ መለያም አብሮ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ የ18ቱን ጥጃዎች የዘር ሐረግ ጎን ለጎን ሲዘረጉት ሁሉም ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። በአባትም በእናትም በኩል ወደ ኋላ ሲቆጠር መስመሩ አንድ ኮርማ ላይ ይገናኛል።

ኮርማው አሜሪካዊ ነው። ስሙ ካርሊን-ኤም አይቫንሆ ቤል፣ የመዝገብ ቁጥሩ 1667366። የተወለደው በ1974 ነው። ጥጃዎቹ ሲመረመሩ ከተወለደ 25 ዓመት አልፎታል።

ቤል እንዴት ያለ ኮርማ ነበር?

ለወተት ከብት አርቢ ቤል ሕልም ነበር ማለት ይቻላል። ሴት ልጆቹ ብዙ ወተት ይሰጡ ነበር፤ የጡታቸው አቀማመጥም የሚመሰገን ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጡቷ ወደ ላይ የተሰቀለና በደንብ የተያያዘ ላም ለማለብ ትመቻለች፣ በረትም ውስጥ ብዙ ዓመት ትቆያለች። ስለዚህ በ1980ዎቹ የቤል ዘር በየአገሩ ተፈለገ።

በመንደር ውስጥ የሚውል ኮርማ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ልጆቹ በአካባቢው ይወሰናሉ። በሰው ሰራሽ ማዳቀል ግን እንደዚያ አይደለም። ዘሩ በቀጫጭን ቀሰሞች ተሞልቶ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ባሕር ይሻገራል። ኮርማው ከሞተ በኋላም ይወልዳል። የቤል ወንዶች ልጆችም በተራቸው ተመርጠው አዳቃይ ኮርማ ሆኑ። የልጅ ልጆቹም እንደዚያው። ጃፓን፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ የቤል ደም ያልገባበት የሆልስታይን (ቤል ራሱ የሆነበት የወተት ከብት ዝርያ) መንጋ ማግኘት ከባድ ሆነ።

የሚገርመው፣ የቤል ቤተሰብ ከዚያ በፊትም አንድ ምስጢር ወጥቶበታል። የቤል አያት ኦስቦርንዴል አይቫንሆ የተባለ በ1952 የተወለደ ኮርማ ነው። እሱ ያስተላለፈው ሌላ የዘር እንከን አለ። ይህ እንከን ያለበት ጥጃ ነጭ የደም ሴሎቹ ከደም ሥር ወጥተው ቁስል ወዳለበት መሄድ አይችሉም። ጥጃው በሕይወት ይወለዳል፤ ግን በትንሽ በትልቁ ኢንፌክሽን እየታመመ በልጅነቱ ይሞታል። በሽታው በአጭሩ ብላድ ይባላል። በ1992 አሜሪካ አዮዋ ግዛት ኤምስ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች መንስኤውን ከነጂኑ አገኙት። በምርመራ ከታዩት የሆልስታይን አዳቃይ ኮርማዎች 14.1 በመቶው ተሸካሚ ነበሩ፤ ራሳቸው ሳይታመሙ እንከኑን ያወርሳሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምርመራው በየአገሩ ተሠራ፣ ተሸካሚዎቹም ተለዩ።

እኔ ይህን ጉዳይ ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ቤል ሁለቱንም እንከኖች ተሸክሟል። ሁለቱ ግን በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚተላለፉት ለየብቻ ነው። አንድ የቤል ልጅ ለብላድ ተመርምሮ “ነጻ ነው” ሲባል፣ ሁለተኛውን እንከን ይዞ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ኮርማው ግን አይደለም። አርቢው “ይህ ቤተሰብ ተጣርቷል” ብሎ ልቡን ጥሎ ሲያዳቅል ሌላው እንከን ከወተቱ ጋር አብሮ ይራባ ነበር።

ሁለተኛው እንከን የመጣው ከቤል አባት ነው። አባትየው ፔንስቴት አይቫንሆ ስታር ይባላል፣ የተወለደው በ1963 ነው። ዴንማርኮቹ በሽታውን የአከርካሪ አጥንት ውስብስብ መዛባት አሉት። በዓለም ላይ የሚታወቀው ሲቪኤም በሚል ምህጻረ ቃል ነው።

25 ዓመት እንዴት ተደበቀ?

አንዱ ምክንያት የውርሱ ዓይነት ነው። ሲቪኤም ስውር እንከን ነው። ከብቱ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን የጂን ቅጂ ካልወረሰ በስተቀር ምንም አይሆንም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ተሸካሚ ነው፤ እሱም ጤነኛ ነው፤ ያድጋል፣ ይወልዳል፣ ይታለባል። ቤል ራሱ ጤነኛ ነበር። ሴት ልጆቹ መጀመሪያ የተዳቀሉት ዘመዳቸው ካልሆነ ኮርማ ጋር ነው፤ ያኔ ምንም አልታየም። ችግሩ ብቅ ያለው የቤል ደም በሁለቱም ወገን ሲሞላ ነው። ያ ደግሞ ትውልድ ይፈልጋል።

ተሸካሚ ኮርማና ተሸካሚ ላም ሲገናኙ ከአራት ጽንስ አንዱ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የማግኘት ዕድል አለው። እንበል አንድ ተሸካሚ ኮርማ 100 ላሞችን አዳቀለ፣ ከላሞቹም 30ዎቹ ተሸካሚ ናቸው። የሚሞቱት ጽንሶች ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። ከመቶ ሰባት! ማን ያስተውለዋል? በየትኛውም በረት ውስጥ በዓመት አንድ ሁለት ጥጃ ይሞታል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር እሱ ነው። ዴንማርኮቹ በኋላ ባደረጉት ጥናት በሽታው ያለባቸው ጽንሶች መቼ እንደሚሞቱ ተከታተሉ። 29 በመቶው ከ100ኛው ቀን በፊት ይጠፋሉ። 77 በመቶው ከ260ኛው ቀን በፊት። ስለዚህ አንገቱ አጭር፣ እግሩ የታጠፈ ጥጃ በአርቢው ዓይን ፊት የሚወድቀው ከአራት አንዴ ገደማ ነው። የቀሩት ወይ ሳይታዩ ይወጣሉ፣ ወይ በየሜዳው ይጨነግፋሉ።

አርቢው ታዲያ ምን ያያል? ላሚቱ ተዳቅላ ነበር። ያዘች ተብሎ ነበር። ከወራት በኋላ እንደገና ኮርማ ፈለገች። “አልያዘችም ነበር ለካ” ይላል። ድጋሚ ያዳቅላታል። ምናልባትም በዚያው ኮርማ። እንደገና ካልሆነ መሲና ናት ተብላ ለሥጋ ትሸጣለች። በደሉ የላሚቱ አይደለም። ስሟ ግን የጠፋው የእሷ ነው። የኮርማው ስም በማውጫው ላይ እንዳማረ ይቀመጣል።

አንዲት ፊደል

የጂኑ መልስ በ2006 ታተመ። እንከኑ ያለው በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ኤስኤልሲ35ኤ3 በተባለ ጂን ውስጥ። የዘር መልእክት የሚጻፈው በአራት ፊደላት ነው። በዚህ ጂን 559ኛው ቦታ ላይ ጂ መሆን የነበረበት ፊደል ቲ ሆኗል። ያው አንድ ፊደል ብቻ። በዚህ የተነሳ ከጂኑ በሚሠራው ፕሮቲን ውስጥ 180ኛው ቦታ ላይ ቫሊን የተባለው የፕሮቲን መሥሪያ መግባት ሲገባው ፌኒልአላኒን የተባለው ሌላ መሥሪያ ገባ።

ፕሮቲኑ ሥራው በሴሉ ውስጥ በር ጠባቂ መሆን ነው። አንድ ዓይነት ስኳር ተሸክሞ ወደ ሴሉ የማጠናቀቂያ ክፍል ያስገባል። እዚያ ሌሎች ፕሮቲኖች በዚህ ስኳር ይለበጣሉ። ስኳሩ ካልደረሰ ልባጡ ይጎድላል። ጽንሱ አከርካሪውን በሚሠራበት ጊዜ ሴሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእነዚህ የተለበጡ ፕሮቲኖች ነው። ንግግሩ ሲበላሽ አጥንቱ በግማሽ ይቀራል፣ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። የጥጃው አንገት የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ጂኑ ተለይቶ ከመታተሙ በፊትም ቢሆን ተሸካሚን መለየት የሚያስችል ምርመራ ለአርቢዎች ቀርቦ ነበር። ውጤቱ ለሁሉም አስደንጋጭ ሆነ። በዴንማርክም በጃፓንም ከተመረመሩት ኮርማዎች ሲሶ ገደማው ተሸካሚ ነበሩ። ፖላንድና ቻይናም በኋላ ሲፈልጉ አገኙ። እነዚህ ተራ ኮርማዎች አልነበሩም። የተመረጡ፣ የተመሰከረላቸው፣ ዘራቸው በውድ የሚሸጥ ነበሩ። በሽታው የተስፋፋው አርቢዎቹ ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም፤ ጎበዞች ስለሆኑ ነው። ምርጡን መርጠው ደጋግመው ተጠቀሙበት፤ ከምርጡ ጋር ደግሞ እንከኑ ነበረ።

ከዚያ በኋላ በኮርማ ማውጫዎች ላይ ከስሙ አጠገብ ሁለት ፊደል መጻፍ ተለመደ። ተሸካሚው “ሲቪ” ይባላል። ተመርምሮ ነጻ የሆነው “ቲቪ”። ተሸካሚ ኮርማን ማረድ ግዴታ አይደለም። ላሚቱ ነጻ መሆኗ ከታወቀ ከእሱ የምትወልደው ጥጃ አይሞትም፤ ግማሽ ያህሉ ግን ተሸካሚ ይሆናሉ። ይህ አካሄድ የሚሠራው የእያንዳንዷ ላም አባትና አያት ተመዝግቦ ባለበት አገር ነው። መዝገብ በሌለበት አገር ግን ተሸካሚ ኮርማ ጨርሶ ባይገባ ይሻላል ባይ ነኝ። ላሚቱ ማን እንደሆነች ካልታወቀ ጥንቃቄው በምን ይደረጋል?

የቤል ታሪክ ብቸኛው አይደለም። ቺፍ የተባለ በ1962 የተወለደ ሌላ የአሜሪካ ኮርማ ነበረ። እሱ ያስተላለፈው እንከን ጽንሱን ገና በማለዳው ይገድለዋል። አንድም የተዛባ ጥጃ ስለማይወለድ ማንም ሊያየው አልቻለም። የተገኘው በ2011 በሒሳብ ነው። ተመራማሪዎች በብዙ ሺህ ከብቶች የዘር መረጃ ውስጥ አንድ ቁራጭ በነጠላ ቅጂ ሲመላለስ፣ በድርብ ግን አንድም ከብት ላይ እንደሌለ አስተዋሉ። በድርብ የያዙት አልተወለዱም ነበር። በኋላ በተሠራ ግምት ይህ እንከን በ35 ዓመት ውስጥ በዓለም ላይ ወደ 525 ሺህ ውርጃ አስከትሏል፤ ኪሳራውም 420 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። የቤል እንከን ቢያንስ ጥቂት ጥጃዎችን ወደ ሰው ዓይን አድርሷል።

ሁሉም የሞተ ጥጃ ግን የአንድ ፊደል ጉዳይ አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ጥጃ ሞቶ የሚወለደው ምጥ ስለጠናበት ነው። ምጥ የሚጠናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥጃው ለእናቱ ስለሚበዛባት ነው። ሲቪኤም ያለበት ጥጃ ትንሽ ነው፤ የደረቁት እግሮቹ ግን መውጫው ላይ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። በጤነኛ ጥጃ ላይ ችግሩ የመጠን ነው። አባት የጥጃውን ግዝፈት ያወርሳል፣ እናት ደግሞ የዳሌዋን ስፋት ከወላጆቿ ትወርሳለች። ይህ በአንድ ጂን አይወሰንም፤ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። በሆልስታይን ላይ 18ኛው ክሮሞዞም ውስጥ አንድ ቦታ ከሌሎቹ በልጦ በአወላለድ ላይ ጫና እንዳለው በ2009 ታይቷል። ያም ሆኖ ነገሩን ብቻውን አይወስንም። አያያዝ፣ መኖ፣ የጊደሯ ዕድሜም አለበት።

ቁጥሩ ግን ችላ የሚባል አይደለም። በአሜሪካ ሆልስታይኖች ላይ በተደረገ ጥናት በመጀመሪያ ወሊድ ሞተው የሚወለዱ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚሞቱ ጥጃዎች በ1985 9.5 በመቶ ነበሩ። በ1996 13.2 በመቶ ደረሱ። ወልደው በሚያውቁ ላሞች ላይ ከ5 ወደ 6.6 በመቶ ነው የጨመረው። በጊደሮች ላይ እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። በ2006 አሜሪካ ለእያንዳንዱ ኮርማ የሞተ ጥጃ የማስወለድ ግምት ማውጣት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ አርቢው ለጊደሩ ኮርማ ሲመርጥ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ እንዴት እንደሚወለዱም ያያል።

ይህ እኛ ጋ የሚገናኘው የት ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ለወተት የሚዳቀሉት ላሞች በብዛት የሚገናኙት ከሆልስታይን ዘር ጋር ነው። ቃሊቲ ያለው ብሔራዊ የሰው ሰራሽ ማዳቀያ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሰላሌ፣ ሆለታ፣ ቢሾፍቱ፣ አሰላ ብንሄድ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላም የሌለበት የወተት ግቢ አናገኝም።

አሁን አንዲት የቦረና ላም እንውሰድ። በሆልስታይን ኮርማ ተዳቀለች፣ ክልስ ጊደር ወለደች። ይህች ጊደር ከሆልስታይን የወረሰችው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂው የተበላሸ ቢሆን እንኳ የቦረናው ይሸፍናታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትውልድ የሚያሰጋው ሲቪኤም ሳይሆን የጥጃው ግዝፈት ነው፤ በተለይ እናቲቱ ትንሽ ጊደር ከሆነች። ወተቱ አስደሰተን፣ ክልሷን እንደገና በሆልስታይን አዳቀልናት። የስውር እንከኑ በር የሚከፈተው እዚህ ነው። አሁን የሆልስታይን ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሊመጣ ይችላል። ዴንማርኮቹን ያጋጠማቸው ነገር ይኸው ነው፣ እኛ ጋ አንድ ትውልድ ዘግይቶ ይጀምራል እንጂ።

ጥጃ ሞቶ ሲወለድ እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ላሟ ነው፤ ምን በላች፣ ማን ረገጣት፣ ማን አያት። አዋላጁም ይወቀሳል። “አባቱ ማን ነበር?” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ለዴንማርኮቹ ግን መልሱ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

አንድ ላም ያለው ሰው የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። አዳቃዩ ሲመጣ ቀሰሙ ላይ የኮርማው ስም ወይም ቁጥር ታትሟል። ቀሰሙ ከመጣሉ በፊት ማየት ይቻላል። የላሚቱ ስም፣ ቀኑና ያ ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ ይጻፋሉ። ላሚቱ ከያዘች በኋላ ከወራት ቆይታ እንደገና ኮርማ ብትፈልግ ያም ይጻፋል። ጥጃው ሞቶ ቢወጣ ከመቀበሩ በፊት አንገቱና እግሮቹ ይታዩ፣ ስልክ ላይ ፎቶ ይነሱ። ግራና ቀኙ እኩል ከተጣመመ ለሐኪሙ ያንን መንገር ነው። አንድ ደብተር ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በአንድ ቀበሌ ያሉ አሥር አርቢዎች ደብተሮቻቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ግን ያው ቁጥር ሁለቴ፣ ሦስቴ ሊታይ ይችላል።